ኮሪያ በምን አደገች?

የአንድ አገር ሀብት ከምድሯ በሚወጣው ማዕድን ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ፥ ደቡብ ኮሪያ ዛሬም ከድኾች ተርታ በተቆጠረች ነበር። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ጦር ወደዚያ ሲዘምት አገሪቱ በጦርነት ፈርሳ ነበር። በዚያ ዘመቻ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። ታዲያ ያች አገር ዛሬ መኪናና መርከብ ሠርታ ለዓለም ለመሸጥ የበቃችው በምን ምክንያት ነው?

«ዕቅድ ስለ ነበራት ነው» የሚሉ አሉ። ነገር ግን የእኛ የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ በ1949 ዓ.ም. ሲጀመር፥ የኮሪያ የተጀመረው በ1954 ዓ.ም. ነው። እንግዲያው ልዩነቱን ከዕቅዱ በታች ባለው መሠረት መፈለግ ይገባናል።

አንደኛው መሠረት መሬት ነው። በ1942 ዓ.ም. በጸናው ሕግ ማንም ከ3 ሄክታር ገደማ የበለጠ የእርሻ መሬት እንዳይዝ ተደረገ፤ ትርፉም ከምርቱ ቀስ በቀስ እየከፈለ ለአራሹ ሆነ። በእኛ አገር ጭሰኛን ነጻ ያወጣው አዋጅ የታወጀው በ1967 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት ለአንደኛ ደረጃ ከደረሱት የኮሪያ ሕፃናት አብዛኞቹ ይማሩ ነበር። ስለዚህ ፋብሪካ ሲከፈት ማንበብና ማስላት የሚችል ሠራተኛ አላጣም።

ሦስተኛው ንግድ ነው። መንግሥት በአነስተኛ ወለድ የሚያበድረው ዕቃውን በውጭ ገበያ ለሚሸጥ ባለ ፋብሪካ ነበር። ስለዚህም በ1957 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን ዶላር የደረሰው የውጭ ሽያጭ በ1970 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ዶላር ሞላ።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። የአሜሪካ እርዳታ ብዙ አግዟል፤ ሠራተኛውም በወታደሮች አገዛዝ ሥር በጥቂት ደመወዝ ረጅም ሰዓት ደክሟል። ስለዚህ መልካሙን ከክፉው ለይቶ መማር ያስፈልጋል።

በቀሐ ዳር ለምንማር ለእኛ ምሳሌው ቅርብ ነው። የመተማና የቋራ ሰሊጥ አብዛኛው ሳይጨመቅ ወደ ውጭ አገር ይሸጣል፤ ጨምቆና አሽጎ የሚሸጠው ሌላው ነጋዴ ትርፉን ይወስዳል። ሰሊጡን እዚሁ ለመጭመቅ ደግሞ መካኒክ፥ ኬሚስትና የሒሳብ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሰላም ያስፈልጋል፤ የኮሪያም ፋብሪካዎች የበዙት ጥይቱ ከቆመ በኋላ ነው።