አንገቱ ያጠረ ሹካ

የብስክሌት የፊት ጎማ የሚታሰርበት ሹካ ከላዩ አንድ ወፍራም ቱቦ አለው። ቱቦው በቴላዮው ግንባር ውስጥ አልፎ ይወጣና መሪውን ይሸከማል። የሹካው አንገት እንበለው። ነጂው እጁን ሲያዞር ጎማው የሚታዘዘው፣ ፍሬን ሲያዝም ወደ ፊት የሚገፋው ክብደት የሚያርፈው በዚሁ አንገት ላይ ነው።

አዲስ ሹካ አብዛኛውን ጊዜ ረጅም አንገት ይዞ ይመጣል፤ ገጣሚው በብስክሌቱ ልክ ይቆርጠዋል። ችግሩ የሚመጣው ያገለገለ ሹካ ሲገዛ ነው። ቀድሞ ለአነስተኛ ቴላዮ ከተቆረጠ ለረጅም ሰው ብስክሌት አይደርስም።

አንገት ሁለት ዓይነት ነው። የቆየው ጫፉ ጥርስ የወጣለት ሲሆን ኩሽኔታውን የሚያጠብቀው ዳዶ ነው፤ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዲያ ኮምፕ የተባለው ኩባንያ አሄድሴት በሚል ስም ያስተዋወቀው ግን ጥርስ የለውም። በዚህኛው መሪው የሚታሰርበት ስቴም አንገቱን ከውጭ አቅፎ በጎን ብሎኖቹ ይነክሰዋል፤ የተለመደው ውፍረት 28.6 ሚሊ ሜትር ነው። የላይኛው ክዳን ሥራ የኩሽኔታውን ልቅነት ማስወገድ ብቻ ነው፤ መሪውን የሚይዙት የጎን ብሎኖቹ ናቸው።

የዚህኛው አንገት ልክ በቀላል ስሌት ይገኛል። የቴላዮው ግንባር 150፣ ኩሽኔታዎቹ ከነመቀመጫቸው 25፣ ከስቴሙ ሥር የሚደረደሩት ቀለበቶች 20፣ ስቴሙ 40 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ድምሩ 235 ነው። ክዳኑ ስቴሙን እንጂ ቱቦውን እንዳይጫን የአንገቱ ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት ስላለበት የሚያስፈልገው 232 ነው።

የተገኘው አንገት 212 ቢሆንስ? ቀለበቶቹን በሙሉ ማውጣት ይበቃል። መሪው ዝቅ ይላል፤ ወደ ላይ ያዘነበለ ስቴም ወይም ከፍ ብሎ የታጠፈ መሪ ከፍታውን ይመልሰዋል። 202 ከሆነ ግን ቁመቱ 20 የሆነ ኩሽኔታ ከነመቀመጫው እና 35 የሆነ ስቴም ተፈልገው ቀሪውን 10 ሚሊ ሜትር ይሸፍናሉ። ባለ ጥርሱ ላይ ትርፍ ሮንዴላ ማውጣት ይቻላል፤ የላይኛው ዳዶ ግን ጥርሱን በሙሉ መያዝ አለበት።

ከዚህ በኋላም ካልደረሰ ሹካው ለዚያ ብስክሌት አይሆንም። ቱቦ በብየዳ መቀጠል፣ ውስጡ ሌላ ቧንቧ ሰክቶ ማስረዘም ወይም ስቴሙን በታችኛው ብሎን ብቻ ማሰር ለሞት መንገድ መክፈት ነው። ብየዳ የቱቦውን ብረት በሙቀት ሊያዳክመው ይችላል፤ በግማሽ የተያዘ ስቴምም ቁልቁለት ላይ፣ ፍሬን በተያዘበት ቅጽበት ሊወልቅ ይችላል። በካርቦን አንገት ላይ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ነው፤ ያለ ቦታው የተጨመቀ ካርቦን ውስጡ ተሰንጥቆ ምልክት ሳያሳይ ሊሰበር ይችላል።

ስለዚህ ሹካ ለመግዛት የሚሄድ ሰው የራሱን ብስክሌት ድምር በወረቀት ይዞ ሜትሩን ከገንዘቡ በፊት ያውጣ። አንገቱ ያጠረ ሹካም ብልሹ ዕቃ አይደለም፤ ግንባሩ አጭር የሆነ ቴላዮ ላይ ያለ አንዳች ማስተካከያ ልክ ሆኖ ይገባል። ገጣሚው ለዚያ ብስክሌት ያቆየው፤ ለዚህኛው ደግሞ የሚደርሰውን ይፈልግለት።