ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት እግር ሲታሰር፦ የጓያ እንቆቅልሽ



"ዶክተር፣ ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ ሰው ሽባ ያደርጋል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ተረት?" የሚል ጥያቄ ከቢቸናም ከሞጣም በኢንቦክስ ደጋግሞ ደርሶናል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ "ላብ ይዞት የጓያ ማሳ ያቋረጠ ሰው እግሩ ይታሰራል" የሚለውን ጨምራችሁበታል። በሳቅ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። ምክንያቱም ሰው በእርግጥ ይታሰራል። ጥያቄው "በምን?" የሚለው ነው፤ መልሱን መሳት ደግሞ እግር ያስከፍላል።

ጓያ ምንድነው?

ከተማ ላደጋችሁ፦ ጓያ የአተርና የሽምብራ ዘመድ የሆነ ጥራጥሬ ነው። ከደጀን በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው ያንን ጥቁር የዋልካ መሬት አይቶታል። ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል፣ በጋ ላይ ይሰነጣጠቃል። ጓያ ሁለቱንም ይችላል። ክረምቱ ሲወጣ አፈሩ ውስጥ በቀረችው እርጥበት ይዘራል፤ ማዳበሪያ አይል፣ ብዙ እርሻ አይል። ዝናብ ቀርቶ ሌላው እህል ሲከስል እሱ ቆሞ ይገኛል። ዋጋው ርካሽ፣ ሽሮው ጣፋጭ፣ ፕሮቲኑም ብዙ ነው። ጣጣው የሚመጣው ሌላው ሁሉ ጠፍቶ እሱ ብቻውን ገበታ ላይ ሲቀር ነው።

በሽታው እንዴት ይይዛል?

ታሪኩ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። ሰውየው ወጣት ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ጉልበተኛ ነው። ለሳምንታት ከጓያ በቀር ይህ ነው የሚባል ምግብ አልበላም። ከባድ ሥራ ሲሠራ ይውላል፣ ባቱን ሸምቀቅ ያደርገዋል፣ "ድካም ነው" ብሎ ይተኛል። ጠዋት ሲነሳ እግሩ እንጨት ሆኗል። ለመራመድ ሲሞክር ጉልበቶቹ ይጋጫሉ፣ እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፣ ተረከዙ መሬት አልነካ ይላል። በአንዳንዶች ላይ ቀስ እያለ በቀናት ውስጥ ይመጣል።

የሚገርመው ሌላው አካል ነው። አእምሮው ደህና ነው። ንግግሩ ደህና ነው። እግሩን ብትነኩት ይሰማዋል። ከአንድ ገበታ ከበሉ የቤተሰብ አባላት አንዱ ተይዞ ሌሎቹ ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ያየ ሰው "መንፈስ ነው"፣ "ምች ነው"፣ "እንፋሎቱ ነው" ቢል አይፈረድበትም።

ሳይንሱ ምን አገኘ?

እ.ኤ.አ. በ1964 የሕንድ ተመራማሪዎች ከጓያ ፍሬ ውስጥ አንድ መርዛማ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። በአጭሩ ኦዳፕ ይባላል። የነርቭ ሴሎቻችን እርስ በርስ የሚላላኩት ግሉታሜት በሚባል ኬሚካል ነው። ኦዳፕ ደግሞ ግሉታሜትን ይመስላል። ልክ ያለማቋረጥ እንደሚደውል ስልክ ነርቩን ዕረፍት ይነሳዋል። ነርቩ ሲጨናነቅ ቆይቶ በመጨረሻ ይሞታል። በጣም የሚጎዱት ከአእምሮ ተነስተው እግርን የሚያዙት ረጃጅሞቹ ነርቮች ናቸው። የሞተ የነርቭ ሴል አይተካም። ለዚህ ነው ጉዳቱ ዕድሜ ልክ የሚሆነው።

በአገራችን የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ በሽታው ምን ያህል እንደተስፋፋ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 አሳትመዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከድርቅ በኋላ ወሎ ውስጥ ደላንታ ዳውንት ላይ በሽታው እንደ ወረርሽኝ ተነሳ። ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ይህንን መዝግበው ላንሴት በተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡት።

በ2003 እዚያው መጽሔት ላይ የወጣው ጥናታቸው ለእኛ ማዕድ ቤት የሚሆን ነገር ይዟል። ጓያን በእሸቱና በንፍሮ መልክ የበሉ ሰዎች የበለጠ ተጎድተዋል። በሽሮ ወጥ፣ በቂጣና በቦካ እንጀራ መልክ የበሉት ላይ ግን አደጋው እንደዚያ ከፍ አላለም። ከእህል ጋር መቀላቀልና እንደ ሽንኩርት ያሉ ቅመሞች የገቡበት ወጥም አደጋውን ቀንሰዋል።

ታዲያ እንፋሎቱስ?

ኦዳፕ ውሃ ውስጥ ይሟሟል እንጂ ከእንፋሎት ጋር አይወጣም። ደግሞ እስቲ አብረን እናስብ፦ እንፋሎቱ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ በፊት የሚታሰረው ማን ነበር? ቀኑን ሙሉ ምድጃ ሥር የምትውለው እናት አይደለችም? በየጥናቱ በብዛት የተያዙት ግን ወጣት ወንዶች ናቸው።

"ላብ ይዞት ማሳ ያቋረጠ" የሚለው ውስጥ ግን አንድ እውነት አለ። ከባድ የጉልበት ሥራ ብዙ ጊዜ ከሕመሙ ቀድሞ ይታያል። ሰው ከመታሰሩ በፊት የሠራውን የመጨረሻ ነገር ያስታውሳል፤ ለወራት የበላውን አይቆጥርም። ስለዚህ ማሳውን ይከሳል። ከዚያ እናት አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍና ትቀቅላለች፤ ንፍሮውን ግን ለልጆቿ ታቀርባለች። የተሳሳተ እምነት ጉዳቱ ይሄ ነው፤ ጥንቃቄውን አደጋው ወደሌለበት ቦታ ይወስደዋል።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1671 በዛሬዋ ጀርመን የቩርተምበርግ መስፍን ጓያ ዳቦ ውስጥ እንዳይገባ በአዋጅ ከልክሏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዩክሬን ውስጥ በነበረው የቫፕኒያርካ እስር ቤት የታሰሩ አይሁዶች ለከብት መኖ የተዘጋጀ ጓያ ይቀርብላቸው ነበር። በወራት ውስጥ ብዙዎቹ ሽባ ሆኑ። ነገሩን የደረሰበት ራሱም እስረኛ የነበረው ዶክተር አርተር ኬስለር ነው። የትም ቦታ ቢሆን ከጀርባው ያለው ረሃብ ነው።

እስካሁን ያልተፈታው

ለምን ወንዶች ይበዛሉ? ለምን ከአንድ ቤት አንዱ ብቻ? ሳይንቲስቶች የጉልበት ሥራን፣ ሰውነት ውስጥ የዚንክና የአንዳንድ አሚኖ አሲዶች ማነስን ይጠረጥራሉ። የመጨረሻው መልስ ግን ገና አልተገኘም። እንቆቅልሹ ግማሹ ተፈቷል፤ ለመከላከል ግን የተፈታው ግማሽ ይበቃል።

"የምገዛው ሽሮ ውስጥ ጓያ ቢኖርስ?"

የከተማ ሰዎች፣ አትደንግጡ። አደጋው ጎልቶ የሚመጣው ጓያ ከዕለት ምግባችን ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ይዞ ለሁለትና ለሦስት ወር ሲዘልቅ ነው። በሽንኩርት ተቁላልቶ በጤፍ እንጀራ የሚበላ ቅይጥ ሽሮ እግር አያስርም።

ጓያ ዋና ምግብ ለሆነበት ቤት ግን፦

1. ብቻውን አትብሉት። ከጤፍ፣ ከስንዴ፣ ከበቆሎ ወይም ከገብስ ጋር ቀላቅሉት፤ እህሉ ይብዛ፣ ጓያው ይነስ።
2. ከማብሰላችሁ በፊት ዘፍዝፉት፤ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፉት። ስትቀቅሉም በብዙ ውሃ ቀቅላችሁ ውሃውን ድፉት። ከመርዙ ደህና አድርጎ አብሮ ይወጣል። ውሃው ለሾርባ አይሆንም።
3. እሸቱንና ንፍሮውን የዘወትር ምግብ አታድርጉት።
4. ወጡ ውስጥ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አይጥፋ።
5. የባት መሸምቀቅ፣ የእግር መክበድ ወይም መንቀጥቀጥ ከጀመረ ጓያውን በዚያው ቀን አቁሙ፣ ከባድ ሥራም ይቁም፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። "ነገ ይለቀኛል" አይባልም።
6. ለዘር የምትፈልጉ፣ የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። ኦዳፑ ዝቅ ያለ ዋሴ የሚባል ዝርያ በአገራችን ተለቋል። ይሁንና መርዙ ጨርሶ የጠፋበት አይደለም፤ ጥንቃቄው እንዳለ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እግር የታሰረ ሁሉ ጓያ አይደለም። በጓያ የተጎዳ እግር ይገተራል እንጂ አይልፈሰፈስም። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እግሩ ወይም እጁ በድንገት ከልፈሰፈሰ ፖሊዮ መሆን አለመሆኑ መጣራት ስላለበት ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ አሳውቁ። የጀርባ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የመደንዘዝ ስሜት ወይም ሽንት መከልከል ካለ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢን የመሰለ ሌላ ችግር ሊሆን ይችላል። ይህ ታክሞ ሊድን የሚችል ነው፤ "ጓያ ነው" ተብሎ ቤት መቀመጥ የለበትም።

አንዴ ጓያ የጎዳውን ነርቭ የሚመልስ መድኃኒት የለም። የጡንቻ ግትርታን የሚያላሉ መድኃኒቶች፣ ፊዚዮቴራፒና ምርኩዝ ግን ኑሮን ያቀላሉ። እንደዚህ ያለ ሰው ካወቃችሁ እርግማን እንደሌለበት ንገሩልኝ፤ ሕመሙም አይተላለፍም።

"እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን" ይባል የለ? የተራበ ሰው የዛሬን እራት ነው የሚያየው፤ "ጓያ አትብላ" ብሎ ምክር ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ ከተማ ያላችሁ ልጆች፣ ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትደውሉ "እንዴት ናችሁ?" ብቻ ብላችሁ አትዝጉ። "ዘንድሮ ምን እየበላችሁ ነው?" በሉ። መልሱ "ጓያ፣ ሌላ ምን አለ ብለህ ነው ልጄ" ከሆነ ከላይ ያለውን አንብቡላቸው፤ ከቻላችሁ ደግሞ የሚቀላቅሉበት በቆሎ መግዣ ላኩላቸው። ያቺ በቆሎ እግር ታድናለች።

ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። አገር ቤት ቤተሰብ ላለው ሰው ሼር ማድረጋችሁን አትርሱ።