ዝቅ የተደረገ መኪናና የጎማው መቃናት

ሰው ንብረቱን አስጊጦ ለማየት መውደዱ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። አባቶቻችን በቅሎአቸውን በግላስ ሸልመው አደባባይ ይወጡ እንደ ነበረ ሁሉ፤ የዛሬው ወጣት ደግሞ መኪናውን በልዩ ልዩ መንገድ ያስውባል። በናይሮቢ ከተማ ከሚታዩት የማስዋቢያ ዓይነቶች አንዱ መኪናን ዝቅ ማድረግ ነው። ይኸውም ፋብሪካው የሠራለትን ሞላ አውጥቶ በአጭር ሞላ በመተካት የመኪናው አካል ወደ መሬት እንዲቀርብ ማድረግ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው መኪና ለዐይን ያምራል፤ በመታጠፊያም ላይ ወደ ጎን ማዘንበሉ ይቀንሳል። ነገር ግን ውበቱ የሚያስከትለው ዕዳ አለ፤ ዕዳውም በቅድሚያ የሚከፈለው በጎማ ነው። ስለዚህ የጎማ ማቃናት፤ ማለት መካኒኮች አላይመንት የሚሉት ሥራ፤ ዝቅ ለተደረገ መኪና ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ሆነ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ እንወዳለን።

ናይሮቢ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. ለባቡር ሐዲድ ሥራ ሰፈር ሆና የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዛሬ መንገዶቿ በመኪና የተጨናነቁ ሲሆኑ፤ ከመኪናዎቹም እጅግ የሚበዙት በጃፓን አገር አገልግለው የመጡ ናቸው። ያገለገለ መኪና መሆኑ ብቻ ነውር አይደለም፤ ይሁን እንጂ የብረቶቹ መጋጠሚያና በመካከላቸው ያለው ጎሚኒ ሳይመረመር ሞላውን ብቻ ማሳጠር በአሮጌ መሠረት ላይ አዲስ ጣራ እንደ መሥራት ይቆጠራል።

የሚያስገርመው ደግሞ ኬንያ በዓለም የታወቀችበት የመኪና ውድድር የዚህ ተቃራኒ መሆኑ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. የተጀመረው የሳፋሪ ውድድር፤ እንደ ጆጊንደር ሲንግ ያሉትን ዝነኞች ነጂዎች ያስነሣው፤ መኪናዎቹ ድንጋዩንና ጭቃውን እንዲያልፉ ከፍ ተደርገው የሚዘጋጁበት ነበረ። በከተማው ያለው ወጣት ግን ዝቅ ማድረጉን መረጠ፤ የፍጥነት መግቻውም በየሰፈሩ ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ጉዳዩ እንግባ። የጎማ አቋቋም በሦስት ነገር ይለካል። አንደኛው፤ ጎማው ከፊት ለፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያዘነበለበት መጠን ነው፤ ይህም ካምበር ይባላል። ሁለተኛው፤ ጎማው ለመታጠፍ የሚዞርበት ምሰሶ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ የተጋደመበት መጠን ሲሆን ካስተር ይባላል፤ መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ ወደ ቀጥታ እንዲመለስ የሚረዳው እርሱ ነው። ሦስተኛው፤ ሁለቱ ጎማዎች ከላይ ሲታዩ አፍንጫቸው የሚቀራረብበት ወይም የሚራራቅበት መጠን ነው፤ ይህም ቶ ይባላል።

መኪናው ዝቅ ሲል ጎማውን የያዙት ብረቶች ማዕዘናቸው ይለወጣል። በዚህም ምክንያት በብዙ መኪናዎች ላይ የጎማው ራስ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ከመሪው ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግም ከሌሎቹ ብረቶች ጋር እኩል ስለማይንቀሳቀስ፤ የጎማዎቹ አፍንጫ ከቦታው ይናወጣል። ብዙ ሰዎች ጎማን የሚበላው ማዘንበሉ ብቻ ይመስላቸዋል፤ ዳሩ ግን ይበልጥ ፈጥኖ የሚበላው የአፍንጫው መጣመም ነው።

ይህን በቍጥር እንመልከተው። ወርዱ ከዳር እስከ ዳር 600 ሚሊሜትር የሆነ አንድ ጎማ በ2 ሚሊሜትር ብቻ ቢጣመም፤ መኪናው አንድ ኪሎሜትር በሄደ ቍጥር ጎማው 3 ሜትር ከ30 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋተጋል። በ1,000 ኪሎሜትር ከ3 ኪሎሜትር በላይ ይሆናል። እንግዲህ በሞረድ እንደ ተሞረደ ያህል መሆኑ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ጉዳቱ የሚሰወር መሆኑ ነው። የሚበላው የጎማው ውስጠኛ ዳር ስለ ሆነ፤ ባለቤቱ ቆሞ ሲያየው ውጭው ደኅና ጥርስ ያለው ይመስለዋል፤ በውስጥ በኩል ግን ሽቦው ወጥቶ ሊሆን ይችላል። አንድ አባት ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን አሳፍሮ ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ ሲወርድ፤ በስምጥ ሸለቆው ቍልቍለት ላይ እንዲህ ያለ ጎማ ቢፈነዳበት ነገሩ የገንዘብ ኪሣራ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ስለዚህ ሥራው በተራው መከናወን አለበት። ከሁሉ አስቀድሞ መኪናው የሚቆምበት ከፍታ ይወሰን፤ አዲሱም ሞላ ጥቂት ቀን ተነድቶ ይርጋ። ከተቃና በኋላ ከፍታውን እንደ ገና የሚለውጥ ሰው ሥራውን አፍርሶ ይጀምራል። ቀጥሎም ያረጀ ጎሚኒና የላላ መጋጠሚያ ካለ ይለወጥ፤ የጎማዎቹም ነፋስ ይስተካከል። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ካምበሩና ካስተሩ፤ በመጨረሻም ቶው ይቃናል። ቶው መጨረሻ የሚሆንበት ምክንያት ሌሎቹ በተነኩ ቍጥር እርሱም ስለሚለወጥ ነው። የኋላ ጎማዎቹም የሚስተካከሉ ከሆነ ከፊቶቹ በፊት ይታያሉ፤ መኪናው የሚሄድበትን አቅጣጫ የሚወስኑት እነርሱ ናቸውና።

በአንዳንድ መኪናዎች ላይ ፋብሪካው ካምበርን ለማስተካከል ቦታ አልተወም። እንዲህ በሆነ ጊዜ መካኒኩ ለዚሁ የተዘጋጀ ልዩ ቡሎን ወይም ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ መግጠም ይኖርበታል። ሞላን በመጋዝ መቍረጥ ወይም በእሳት ማለዘብ ግን ፈጽሞ የማይገባ ነው።

በናይሮቢ ኪሪንያጋ በተባለው መንገድና በኢንዱስትሪ ሰፈር መለዋወጫ የሚሸጡና መኪና የሚጠግኑ ብዙ ናቸው። በሜዳ ላይ የሚሠሩትን ባለ እጆች ሕዝቡ በስዋሂሊ ቋንቋ ጁዋ ካሊ ይላቸዋል፤ ትርጉሙም ኃይለኛ ፀሐይ ማለት ነው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ብልህ ባለሙያዎች ናቸው። ማዕዘንን በዲግሪ ለመለካት ግን መሣሪያና የተስተካከለ ወለል ያስፈልጋል። መኪናው እጅግ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ወደ መሣሪያው ሲወጣ ሆዱ እንዳይጫር ሳንቃ እንዲነጠፍለት አስቀድሞ መናገር ይገባል። ሥራው ሲያልቅም ከመቃናቱ በፊትና በኋላ የነበረውን ልክ የሚያሳይ ወረቀት መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው።

ከዚያም መኪናውን በተስተካከለ መንገድ ላይ ነድቶ መፈተን ያሻል። በኬንያ የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ መንገዱም ውኃ እንዲወርድ ወደ ዳር ስለሚያዘነብል፤ መኪናው ጥቂት ወደ ግራ ቢያዘነብል ወዲያው ጥፋቱ የመካኒኩ ነው ማለት አይገባም።

በመጨረሻ ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች የምንለው አለን። ልጃችሁ መኪናውን ዝቅ ላድርግ ብሎ ቢጠይቃችሁ ከመቈጣት ይልቅ የሞላውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የማቃኛውንም ዋጋ አብሮ እንዲያስብ ንገሩት። በየወሩም እጁን ወደ ጎማው ውስጠኛ ዳር ሰዶ እንዲዳስስ አስተምሩት። ዐይን የማያየውን እጅ ያገኘዋልና።