ሥልጠናው ሲያበቃ ምን ይቀራል? የመልሶ ማቋቋም አገልግሎት በሥራ ፈላጊው ዓይን

ድርቅ በደረሰ ጊዜ በመጀመሪያ የሚታየው የእህል እጦት ነው። እህሉ ደርሶ የሰው ሕይወት ከዳነ በኋላ ግን ከፊተኛው የማይተናነስ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። የእርሻ በሬውን ሸጦ የበላ ገበሬ፣ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ በከተማ ዳር የሠፈረ ቤተሰብ ከእንግዲህ ወዲህ በምን ሥራ ይተዳደራል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆኑ ዘንድ በመንግሥት በጀትና በለጋሾች ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ የሥራ ማገናኛ፣ የሙያ ማሠልጠኛና የመቋቋሚያ ድጋፍ አገልግሎቶች በልዩ ልዩ ጊዜ ተቋቁመዋል።

እነዚህ አገልግሎቶች በመሥሪያ ቤት ሪፖርት የሚለኩት በተመዘገበው፣ በሠለጠነውና በተመረቀው ሰው ቁጥር ነው። ሥራ ፈላጊው ግን ይህን መለኪያ አያውቀውም። እርሱ የሚቆጥረው በምልልስ ያለፉትን ቀናት፣ ለመጓጓዣ ያወጣውን ገንዘብና ከሁሉም በላይ ሥልጠናው ካበቃ ማግሥት በእጁ የቀረውን ነገር ነው። በሁለቱ መለኪያዎች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ድካም ከንቱ የሚቀርበት ቦታ በመሆኑ፣ ከሀገራችን ተሞክሮ ሦስት ምሳሌዎችን በመመልከት ጉዳዩን ማብራራት አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል።

በሠፈራ ጣቢያ የተደረገው የሙያ ለውጥ

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600 ሺህ ያህል ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የሀገሪቱ ክፍሎች መጓጓዙ ይታወሳል። ይህ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚታየው እንደ ሕዝብ ዝውውር ብቻ ነው። በሠፋሪው በኩል ሲታይ ግን የሙያ ለውጥም ጭምር ነበር። በደጋ መሬት በገዛ በሬው ሲያርስ የኖረ ገበሬ በቆላ ምድር፣ በትራክተር በሚታረስ ሰፊ ማሳ ላይ፣ የሥራ ነጥብ እየተቆጠረለት የሚሠራ የማኅበር አባል እንዲሆን ተደረገ።

በመተከል የፓዌ ሠፈራ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። በኢጣሊያ መንግሥት ድጋፍ የተካሄደው የጣና በለስ ፕሮጀክት ለአካባቢው መንገድ፣ ሆስፒታልና የእርሻ መሣሪያ አስገኝቶ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲሆን ፕሮጀክቱ ተቋረጠ፤ ትራክተሩም ቆመ። ሠፋሪው ወደ ቀድሞ ሙያው ተመልሶ በበሬ እንዳያርስ ደግሞ የገንዲ በሽታ ከብቱን ይጨርስበት ነበር። ከዚህም የተነሣ ብዙዎች በዶማ ወደ መቆፈር ገቡ፤ ሌሎችም ወደ መጡበት ሀገር ተመለሱ። የቀድሞው ሙያ ለአዲሱ መሬት አልሆነም፤ አዲሱ ሙያ ደግሞ በሠፋሪው እጅ ሳይሆን በመኪናው ላይ የተመሠረተ ነበር። ድጋፉ ሲነሣ አብሮ የሚነሣ ሙያ ሰውን አያቋቁምም።

የተሰናበተው ሠራዊት

ሁለተኛው ምሳሌ የቀድሞው ሠራዊት አባላት መልሶ መቋቋም ነው። በ1983 ዓ.ም. ከ450 ሺህ በላይ የሚሆኑ ወታደሮች በአንድ ጊዜ ሥራ ፈት በመሆናቸው እነርሱን የሚያቋቁም ኮሚሽን በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ተመሠረተ። ወደ ገጠር ለተመለሱት የምግብ ራሽን፣ የእርሻ መሬት፣ ዘርና መሣሪያ ሲሰጥ፣ በከተማ ለቀሩት ደግሞ የቀድሞ ሥራቸውን ማስመለስ፣ የሙያ ሥልጠናና ብድር የመሳሰሉ ድጋፎች ተዘጋጁ።

ከሁለቱ ወገኖች ፈጥኖ የተቋቋመው ወደ ገጠር የተመለሰው ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ብዙዎቹ በብሔራዊ ውትድርና ከእርሻ የተወሰዱ ወጣቶች በመሆናቸው ሙያቸውን አልረሱም፤ ዘመድ አዝማድም ተቀበላቸው፤ የተሰጣቸውም ድጋፍ ወዲያው ከሚሠሩት ሥራ ጋር የተያያዘ ነበር። በከተማ የቀረው ግን፣ በተለይም ዕድሜውን በውትድርና ያሳለፈው፣ ሥልጠና ቢያገኝ እንኳ ሙያውን የሚገዛው ቀጣሪ ማግኘት ነበረበት። ያ ዘመን ደግሞ የመንግሥት ድርጅቶች ራሳቸው ሠራተኛ የሚቀንሱበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ የሥልጠናው ጥራት ብቻውን ዕጣውን አልወሰነም። የወሰነው ከሥልጠናው በኋላ የሚጠብቀው ነገር መኖር ወይም አለመኖር ነው።

የከተማ ሴፍቲኔት

ሦስተኛው ምሳሌ ለዘመናችን የቀረበ ነው። በ1997 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት፣ በየዓመቱ በአስቸኳይ ጥሪ ይሰጥ የነበረውን የምግብ እርዳታ በታወቀ ጊዜ በሚከፈል የሥራ ክፍያ ለመተካት የታሰበ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ይኸው አሠራር ወደ ከተማ ገብቶ አዲስ አበባን፣ መቀሌን፣ ደሴን፣ አዳማን፣ ድሬዳዋንና ሌሎችን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀመረ። እንዲያገለግል የታቀደው ለ604 ሺህ ሰው ነበር።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በቀበሌና በወረዳ ኮሚቴ የተመረጠ ድኻ ቤተሰብ፣ መሥራት የሚችል አባል ካለው፣ ለሦስት ዓመት በከተማ ጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በመሳሰሉት ሥራዎች ይሰማራል። የሥራው ቀን ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከክፍያውም 20 በመቶው በስሙ ይቆጠብለታል። በመካከሉ የሕይወት ክህሎትና የገንዘብ አያያዝ ትምህርት ይሰጠዋል፤ ከዚያም ተቀጥሮ መሥራትን ወይም የራሱን ሥራ መክፈትን ይመርጣል፤ ለዚሁ የሚሆን የመቋቋሚያ ገንዘብም ያገኛል። መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣቸዋል።

በአዲስ አበባ ፕሮግራሙ በየወረዳው የተጀመረው በዕጣ ቅደም ተከተል በመሆኑ ውጤቱን በሚገባ ለመመርመር ተችሏል። ጥናቱ እንዳመለከተው ተጠቃሚዎቹ ለግል ቀጣሪ የሚሠሩበትን ጊዜ ቀንሰዋል። ፕሮግራሙ በመላው ከተማ ሲዳረስ በግሉ ዘርፍ የሚከፈለው ደመወዝ 18.6 በመቶ ከፍ እንደሚልም ተገምቷል። ይህም ማለት በመዝገቡ ላይ ስሙ የሌለው የቀን ሠራተኛ እንኳ ተጠቃሚ ሆኗል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጥቅም በተመራቂዎች ቁጥር ውስጥ አይታይም።

ሥራ ፈላጊው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች

ከላይ የተዘረዘሩት ፕሮግራሞች በዓላማና በስፋት ቢለያዩም፣ ሥራ ፈላጊው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች ግን ይመሳሰላሉ።

1. ምዝገባ። በሥራ ፈላጊነት ለመመዝገብ የነዋሪነት መታወቂያ ይጠየቃል። ለነባሩ ነዋሪ ይህ ቀላል ነገር ነው። በድርቅ ወይም በግጭት ተፈናቅሎ በዘመድ ቤት ለተጠጋ ሰው ግን የመጀመሪያውና ብዙ ጊዜም የመጨረሻው በር ነው። መታወቂያ ለማግኘት መሸኛ፣ መሸኛ ለማግኘት ደግሞ ወደ ሸሸው አካባቢ መመለስ ያስፈልገዋል። አገልግሎቱን አጥብቆ የሚሻው ሰው በመዝገብ ላይ ከቶ ሳይታይ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

2. ምልልስ። «ነገ ተመለስ» የሚለው ቃል ለተናጋሪው ምንም አያስወጣውም፤ ለሰሚው ግን የአንድ ቀን እንጀራ ነው። የቀን ሠራተኛ ወደ ጽሕፈት ቤት በሄደበት ቀን ሌላ ሥራ አይሠራም። ልጅ ያላት እናት ደግሞ ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው መፈለግ አለባት። በገጠሩ ሴፍቲኔት ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ከጉልበት ሥራ ነፃ ሆነው ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኙ መደረጉ ይህንኑ ችግር በመገንዘብ ነው። በሥልጠና ጣቢያዎች ግን የእናቶች ጉዳይ ብዙ ጊዜ አይታሰብም።

3. የሙያ ምርጫ። ሠልጣኙ ምን መሥራት እንደሚፈልግ ይጠየቃል፤ የሚሰጠው ግን ጣቢያው መምህርና መሣሪያ ያለው ሙያ ነው። ከዚህም ሌላ በአንድ ቀበሌ ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ሙያ ቢሠለጥን ሁሉም የሚሸጠው ለዚያው ገበያ ነው። ዐሥር ሴቶች እንጀራ ጋግረው ለአንድ መንደር ቢያቀርቡ የሚበዛው ተፎካካሪ እንጂ ገቢ አይደለም።

4. ምዘና። ሥልጠናውን የጨረሰ ሰው የብቃት ምዘና ወስዶ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ይፈለጋል። ወረቀቱ ዋጋ የሚኖረው ግን ቀጣሪው ሲያምንበት ነው። በዚህ ረገድ በ2006 እና በ2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 3 ሺህ ያህል ወጣቶችን የያዘ አንድ ጥናት ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ለአንዱ ወገን ማስታወቂያ ወደሚለጠፍበት የከተማው ማዕከል የሚመላለስበት የመጓጓዣ ገንዘብ ተሰጠው። ለሌላው ወገን ደግሞ ችሎታውን በፈተና የሚያስመሰክርበት፣ የሥራ ማመልከቻ አጻጻፍንና የቃለ መጠይቅ አቀራረብን የሚማርበት አጭር ዝግጅት ተደረገለት። በመጀመሪያ ሁለቱም መደበኛ ሥራ በማግኘት ረገድ ተጠቀሙ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የመጓጓዣው ጥቅም ጠፍቶ ነበር፤ ችሎታቸውን እንዲያሳዩ የተረዱት ግን ከፍ ያለ ገቢና የረጋ ሥራ ነበራቸው። ይበልጥ የተጠቀሙትም ቀድሞ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው አነስተኛ የነበረው ናቸው። ከዚህ የምንረዳው ብዙ ሥራ ፈላጊ የጎደለው ችሎታ ሳይሆን ችሎታውን ለማያውቀው ሰው የሚያስረዳበት መንገድ መሆኑን ነው።

5. ከዚያ በኋላ። ሥራ ፈላጊውን ከሥራ ማገናኘት ብቻ የጉዳዩ ፍጻሜ አይሆንም። በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ 1 ሺህ ያህል ሰዎችን የተከታተለ ሌላ ጥናት፣ ሥራውን ካገኙት መካከል ሲሶ የሚሆኑት በመጀመሪያው ወር፣ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ዓመት ሳይሞላ መልቀቃቸውን አሳይቷል። በፋንታው ገንዘብና አጭር ሥልጠና የተሰጣቸው ሰዎች በአንደኛው ዓመት ገቢያቸው ቢያድግም፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ከሌሎቹ የሚለዩበት ነገር አልተገኘም። በምደባው ሳምንት የተጻፈ ሪፖርት ይህን ሁሉ ሊያሳይ አይችልም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ ለመጨረስ ሲባል በጥድፊያ የተሰጠ ሥልጠና በጥድፊያ ይረሳል።

አስፈጻሚዎች ሊያተኩሩባቸው የሚገቡ ነጥቦች

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት፣ ብዙ ተጨማሪ ወጪ ሳይጠይቁ ሊፈጸሙ የሚችሉ ጥቂት ነጥቦችን ማመልከት ይቻላል።

ሀ. ለተፈናቃዮች የነዋሪነት ማረጋገጫ የሚሰጥበት ጊዜያዊ መንገድ ከሥራ ፈላጊ ምዝገባው ጋር አብሮ ይዘጋጅ። የእርዳታ እህል ለመቀበል የተመዘገበ ቤተሰብ ለሥራ አገልግሎት እንደ አዲስ ማንነቱን እንዲያስመሰክር ማድረግ አስፈላጊ አይደለም።

ለ. ማንኛውም ባለጉዳይ ከጽሕፈት ቤት ሲወጣ የሚመለስበትን ቀንና ይዞት የሚመጣውን ሰነድ በጽሑፍ ይዞ ይውጣ። ማንበብ ለማይችልም በቃል ተደግሞ ይነገረው።

ሐ. የሥልጠና ዓይነት ከመወሰኑ በፊት በአካባቢው ማን እንደሚቀጥር፣ ማን እንደሚገዛና የዚያ ሙያ ባለቤት የሆኑ ስንት ሰዎች እንዳሉ ይጠና። ለሥልጠናው የሚያስፈልገው መሣሪያ ሠልጣኙ ወደፊት በራሱ አቅም ሊያገኘው ወይም ሊጠግነው የሚችል መሆኑ ይረጋገጥ። የመተከል ተሞክሮ ይህን ያስተምራል።

መ. ሠልጣኙ ቀድሞ የሚያውቀው ሙያ ይመዝገብ። ገበሬ፣ ሸማኔ፣ ግንበኛ ወይም ወታደር የነበረ ሰው ባዶ እጁን አልመጣም። ያለውን ችሎታ መዝኖ ማስመስከር አዲስ ሙያ ከማስተማር ይልቅ የሚፈጥንበትና የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሠ. ከሥልጠናው ወይም ከምደባው ስድስት ወርና አንድ ዓመት በኋላ ከተመራቂዎቹ ጥቂቶቹ ተፈልገው ይጠየቁ። ሥራ ላይ ናቸውን? የተማሩትን ሙያ ይሠሩበታልን? ካልሆነስ ለምን ተዉት? መልሳቸውም ከተመራቂዎች ቁጥር ጎን ለጎን በሪፖርቱ ውስጥ ይግባ።

በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር መቋቋሙ ሥልጠናና ቅጥር በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲታዩ መንገድ ከፍቷል። ሆኖም ሥራ ፈላጊው የሚያውቀው ሚኒስቴሩን ሳይሆን በወረዳው መስኮት በኩል የሚያነጋግረውን ሠራተኛ ነው። አገልግሎቱ በእርሱ ዘንድ የሚመዘነው በዚያ መስኮት በሚሰጠው መልስና፣ ድጋፉ ሁሉ ካበቃ በኋላ ያለማንም እርዳታ ሊሠራው በሚችለው ሥራ ነው። ድርቅ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ እንደገና ለእህል የሚሰለፈው ሰው ቁጥር፣ በመካከሉ የተሠራው የማቋቋም ሥራ ምን ያህል እንደ ነበር ከማናቸውም ሪፖርት ይልቅ በግልጽ ያሳያል።