ውሻ ለፎቅ ቤት፦ ከመግዣው ዋጋ በፊት የሚታይ ሒሳብ

በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ቡችላ ለማሳደግ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የመግዣውን ዋጋ ነው። በነጋዴ ሒሳብ ግን የመግዣው ዋጋ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣ ነው። ቀለቡ፣ ክትባቱ፣ የጎረቤት አቤቱታውና የጉዳት ኃላፊነቱ ውሻው በሕይወት እስካለ ድረስ ይቀጥላሉ። ውሻ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር ስለሚችል ውሳኔው የረዥም ጊዜ ውል ከመፈረም አይለይም።

የላስታው ፎቅ

ከእንስሳ ጋር በፎቅ ቤት መኖር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በላሊበላና በአካባቢው በሚታወቁት ክብ የድንጋይ ባለ ፎቅ ቤቶች እንስሳት ከታች፣ ቤተሰቡ ከላይ ያድሩ ነበር። ወደ ላይ የሚወጣውም በውጭ በኩል በተሠራ ደረጃ ነው። በዚያ አኗኗር እንስሳው የራሱ ወለልና የራሱ ሥራ ነበረው። በጉ ለሽያጭ ይደልባል፣ አህያው ይጭናል፣ ውሻው ይጠብቃል፣ ድመቷም እህሉን ከአይጥ ታድናለች። ሁሉም ቀለቡን በሥራው ይከፍላል።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ የተስፋፋው ኮንዶሚኒየም ፎቁን እንጂ ከሥሩ የነበረውን የእንስሳ ወለል አላመጣም። በመርሐ ግብሩ ስቱዲዮ እስከ 20 ካሬ ሜትር፣ ባለ አንድ መኝታ ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለት መኝታ ደግሞ ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር ተብሎ ታቀደ። ብዙዎቹ ሕንፃዎች ባለ 4 ፎቅና ሊፍት የሌላቸው በመሆናቸው ላይኛው ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ውሻውን ለማናፈስ በየዕለቱ ደረጃውን መውጣትና መውረድ ግድ ይለዋል። ጥበቃውንም ቢሆን ነዋሪዎች በጋራ የቀጠሩት ዘበኛ ይሠራዋል። ስለዚህ የግቢ ውሻ የሚከፍለውን ዋጋ የፎቅ ቤት ውሻ አይከፍልም።

ደንቡና ሕጉ

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሲወጣ ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው በመተዳደሪያ ደንብ እንዲመሩ አድርጓል። ደረጃው፣ ኮሪደሩና ግቢው የሁሉም ነው። ውሻው በየቀኑ የሚያልፍበትም ይኸው የጋራ ሥፍራ ስለሆነ፣ ገዢው ቡችላውን ከማየቱ በፊት የሕንፃውን ደንብ ማየት ይገባዋል።

ለበዓል የተገዛ በግ ደረጃ ሥር ሁለት ቀን ቢታሰር ጎረቤት ይታገሣል፤ ለእርድም ሲባል በብዙ ሳይቶች የጋራ መገልገያ ቤት ተሠርቷል። ሌሊት የሚጮህ ውሻ ግን የሁለት ቀን እንግዳ አይደለም። በእምነታቸው ምክንያት ውሻ እንዳይነካቸው የሚጠነቀቁ ጎረቤቶችም በዚያው ጠባብ ደረጃ ይወጣሉ።

ከሁሉም የከበደው የካሳው ጉዳይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። እንስሳው ሳይታሰብ ከእጁ አምልጦ ቢሆንም እንኳ ባለቤቱ አይድንም። የጎረቤት ልጅ ቢነከስ «ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነው» ማለት አያዋጣም።

ክትባቱ

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚተላለፈውም በውሻ ንክሻ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ቡችላ በ3 ወሩ ቢከተብና ክትባቱ በየጊዜው ቢታደስ ይህ ሥጋት በእጅጉ ይቀንሳል።

ያልተከተበ ውሻ ጉዳቱ ከሰውም ያልፋል። ከይምርሐነ ክርስቶስ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን በላይ የሚነሣው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ በዓለም ላይ ወደ 500 ገደማ ብቻ የቀረው ቀይ ቀበሮ ከሚኖርባቸው ጥቂት ሥፍራዎች አንዱ ነው። በ1996 ዓ.ም. በባሌው የወብ ሸለቆ ከቤት ውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል። ላስታን የሚጎበኘው እንግዳ ቀበሮውንም ለማየት ስለሚወጣ የአንድ ውሻ ክትባት ከአስጎብኚውና ከሆቴሉ ገቢ ጋር ይገናኛል።

ለገዢ፣ ለአከራይና ለደላላ

ገዢው ቡችላውን ከመረከቡ በፊት የክትባት ወረቀት ይጠይቅ፤ ወረቀት የሌለውን በቅናሽ ያገኘ ሰው ቅናሹን ለሐኪም ይከፍለዋል። አከራይ እንስሳ መፈቀድ አለመፈቀዱንና የተበላሸ በርና ግድግዳ የሚያሳድሰው ማን እንደሆነ በውሉ ውስጥ ያስገባ። ደላላም ቤቱን ከማሳየቱ በፊት «እንስሳ አላችሁ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ በወሩ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ይድናል።

ደንቡ የሚፈቅድለት፣ ጠዋትና ማታ ውሻውን የሚያወርድ ሰው ቤት ውስጥ ያለውና የክትባቱን ወጪ በየዓመቱ የሚመድብ ቤተሰብ ሊገዛ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ቤቱን ቆልፎ ገበያ ለሚውል ነጋዴ ግን የአሸዋ ሳጥን የለመደች፣ የተከተበች ድመት ትሻለዋለች። ለእሷም ጊዜ ከሌለው ቢተወው ይመረጣል፤ ስድስት ወር አሳድጎ መንገድ ላይ የሚጥለው ውሻ ወጪውን ወደ ሰፈሩ ያዛውረዋል እንጂ አያስቀረውም።