ሹክር እና የቲም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው።

በአባይ በረሃ አፋፍ ላይ በተቀመጠችው በደጀን የምንኖር ሰዎች «አልሐምዱ ሊላህ» የሚለው ቃል ከልብ ሲወጣ የምንሰማበት አንድ ጊዜ አለ። ይኸውም ጭኖ ወደ በረሃው የወረደ ሾፌር ድልድዩን ተሻግሮ ጎሐ ጽዮን መድረሱን ለቤተሰቡ በስልክ ሲያሰማ ነው። በዚያች ሰዓት ጭነቱ ስንት ኩንታል እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ የሰውየው ደኅንነት ይበቃል። ለዱዓ እጃችንን ስናነሣ ግን ይህ ይረሳንና ገበያውንና አዝመራውን እናስቀድማለን።

ዑለማዎች ሹክር በልብ፣ በምላስና በአካል እንደሚፈጸም ያስተምራሉ። ልብ ኒዕማው ከአላህ መሆኑን ያውቃል፣ ምላስ ያወሳዋል፣ አካል ደግሞ ሰጪው በሚወደው ሥራ ላይ ያውለዋል። የሚከብደን ሦስተኛው ነው። በዚህ ረገድ የሱረቱ አድ-ዱሓ ቅደም ተከተል ሊስተዋል ይገባል። አላህ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዋለላቸው ኒዕማዎች አስቀድሞ የሚያወሳው የቲም ሳሉ መጠጊያ የሰጣቸው መሆኑን ነው፤ ከድህነት ማብቃቃቱ የሚነሣው በኋላ ነው። ከትእዛዛቱም የመጀመሪያው የቲምን አለመጨቆን ሲሆን፣ የጌታን ጸጋ ማውራት በመጨረሻ ይመጣል።

ከደጀን ተነሥቶ በብቸና የሚያልፈው መንገድ ሞጣ ያደርሳል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ አራት መስጂዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ተዘረፉ፣ ነደዱም። ከልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች ርዳታ ተሰበሰበ። የተቃጠለባቸውን ሰዎች ሐዘን ማቃለላችን አይደለም፤ የአላህ ቤት መቃጠል ቀላል ነገር አይደለምና። ነገር ግን ግንቡ፣ ቆርቆሮውና ሸቀጡ በገንዘብ ሊተካ ይችላል። አባቱን ላጣ ልጅ ተመሳሳይ መዋጮ አባት አይገዛለትም። ስለዚህ ወላጆቹ በሕይወት ያሉለት፣ ልጆቹም በዙሪያው የተሰበሰቡለት ሰው የሹክሩ አካላዊ ክፍል በየትኛው በር እንደሚያልፍ ሩቅ ሄዶ መፈለግ የለበትም።

ወደዚህች አገራችን ከተሰደዱት ሶሓባዎች መካከል የነበሩት እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ይህንን በራሳቸው ሕይወት አይተውታል። ባለቤታቸው አቡ ሰለማ በኡሑድ ዘመቻ የደረሰባቸው ቁስል አገርሽቶ በ4ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲሞቱ፣ ኡሙ ሰለማ ከልጆቻቸው ጋር ቀሩ። አላህ የተሻለ እንዲተካላቸው የሚለመንበትን ዱዓ ቢያደርጉም፣ ከአቡ ሰለማ የሚሻል ማን ይኖራል ብለው በልባቸው ማሰባቸውን አልሸሸጉም። ኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አገቧቸው፤ የቲሞቹንም በቤታቸው አሳደጉ። ኡሙ ሰለማ ለገዛ ልጆቻቸው የሚያወጡት ወጪ አጅር ያስገኝላቸው እንደሆነ ጠይቀው፣ አዎን የሚል መልስ አግኝተዋል። የቲሞቿን ሠርታ የምታሳድግ እናት ርዳታ ተቀባይ ብቻ አለመሆኗን ከዚህ እንረዳለን።

ከልጆቻቸው አንዱ፣ በሐበሻ ምድር እንደተወለደ የሚነገርለት ዑመር፣ ሕፃን ሳለ በማዕድ ላይ እጁ በሳህኑ ዙሪያ ይንከራተት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአላህን ስም እንዲያወሳ፣ በቀኝ እጁ እንዲበላና ከፊቱ ካለው እንዲያነሣ አስተማሩት። ዑመር ካደገ በኋላ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ አመጋገቡ እንደዚያው ሆኖ መቅረቱን ይናገር ነበር።