ትንሣኤ በሁለቱ አርባዎች መካከል



የቤተ ክርስቲያናችንን የበዓላት አቈጣጠር በጥሞና የሚመለከት ሰው ትንሣኤ በሁለት ተመሳሳይ ቍጥሮች መካከል ቆሞ ያገኘዋል። ከበዓሉ አስቀድሞ ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ የጾማቸው 40 ቀናት አሉ። ከበዓሉ በኋላ ደግሞ ከሙታን ተለይቶ ከተነሣ ጀምሮ ለደቀ መዛሙርቱ እየተገለጸ ያስተማረባቸው፣ በዕርገቱም የፈጸማቸው 40 ቀናት አሉ። የፊተኛውን አርባ ምእመናን ሁሉ በጾም፣ በጸሎትና በስግደት ያውቁታል። የኋለኛው አርባ ግን ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ያልፋል። ስለዚህ በዚህ በዓል ስለ አርባ ቍጥር ምንነት፣ በመጻሕፍትና በኑሯችን ውስጥ ስላለው ስፍራ ጥቂት ማለት የተገባ ይሆናል።

አርባ በቅዱሳት መጻሕፍት

አርባ፣ በግእዝ አርብዓ፣ በግእዝ አኃዝም «፵» ተብሎ የሚጻፈው ቍጥር በብሉይ ኪዳን ገና ከኦሪት ዘፍጥረት ይጀምራል። በኖኅ ዘመን የጥፋት ዝናም በምድር ላይ የወረደው 40 ቀንና 40 ሌሊት ነበር (ዘፍ. 7፥12)። ሙሴ በደብረ ሲና ሕጉን ለመቀበል 40 ቀንና 40 ሌሊት ቆየ (ዘፀ. 24፥18)። የከነዓንን ምድር ሊሰልሉ የተላኩት ሰዎች የተመለሱት ከ40 ቀን በኋላ ሲሆን፣ ሕዝቡ ባለማመኑ ምክንያት አንዱ ቀን እንደ አንድ ዓመት ተቈጥሮበት 40 ዓመት በምድረ በዳ ተንከራተተ (ዘኍ. 14፥34)። ነቢዩ ኤልያስ በመልአኩ ምግብ በርትቶ እስከ ኮሬብ ድረስ የተጓዘው 40 ቀንና 40 ሌሊት ነው (1ኛ ነገ. 19፥8)። ዳዊትም ልጁ ሰሎሞንም በየተራቸው 40 ዓመት ነግሠዋል። የሙሴን የ120 ዓመት ዕድሜ ቅዱስ እስጢፋኖስ በሸንጎ ፊት ሲተርክ በሦስት አርባዎች ከፍሎ ያሳየናል፤ አርባው በግብፅ፣ አርባው በምድያም፣ አርባው ከሕዝቡ ጋር በበረሃ (ሐዋ. 7)።

ከጥንት ተርጓሚዎች መካከል አውግስጢኖስ ይህን ቍጥር አራትን በዐሥር አባዝቶ ተርጕሞታል። አራቱ ይህ ዓለም የሚመላለስባቸው የቀንና የዓመት ክፍላተ ጊዜ ሲሆኑ፣ ዐሥሩ የእግዚአብሔር ሕግ ነው። እንግዲህ አርባ ማለት ሰው በዚህ ዓለም ጊዜ ውስጥ ሳለ በሕገ እግዚአብሔር የሚፈተንበት ዘመን ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሙሴ በተራራው ራስ 40 ቀን በጾም በነበረበት በዚያው ጊዜ፣ ከተራራው ግርጌ የነበረው ሕዝብ ትዕግሥቱ አልቆ የወርቅ ጥጃ ሠርቶ ሰገደ። ቀኖቹ አንድ ናቸው። ከላይ ጽላተ ሕጉ ተሰጠባቸው፤ ከታች ጣዖት ተሠራባቸው። ስለዚህ ቍጥሩ በራሱ ማንንም አያጸድቅም፤ ማንንም አይኰንንም። ሰውን የሚለየው በተሰጠው ጊዜ የሠራው ሥራ ነው።

ለነነዌ ሰዎች የተሰጠው ቀጠሮም ይህንኑ ያስረዳል። የትንቢተ ዮናስ የዕብራይስጥ ንባብ ከተማይቱ ልትጠፋ 40 ቀን እንደ ቀራት ሲናገር፣ የሰብዓ ሊቃናት ትርጓሜ 3 ቀን ይላል። ቤተ ክርስቲያናችንም ጾመ ነነዌን የምትጾመው 3 ቀን ነው። ቀኑ ቢረዝምም ቢያጥርም የታሪኩ ፍጻሜ አንድ ነው፤ ሕዝቡ ከንጉሡ ጀምሮ ማቅ ለብሶ ንስሐ ስለ ገባ ከተማይቱ አልጠፋችም። የጥፋት ቀጠሮ የመሰለው የምሕረት ቀጠሮ ሆነ።

ከአርባው እስከ አምሳ አምስቱ

«ጌታ የጾመው 40 ቀን ሆኖ ሳለ እኛ 55 ቀን የምንጾመው ስለ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ልጆች በየዓመቱ ለወላጆቻቸው ያቀርባሉ። አቈጣጠሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት 7 ቀን ዘወረደ ይባላል፤ ጾመ ሕርቃልም ይሉታል። ይህም የሮም ንጉሥ ሕርቃል በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጌታን መስቀል ከፋርስ ካስመለሰበት ታሪክ ጋር በትውፊት የተያያዘ ነው። ከቀጣዩ ሰኞ ጀምሮ ከሆሣዕና በፊት እስካለው ዓርብ ድረስ ሲቈጠር ልክ 40 ቀን ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ፣ ዕለተ ሆሣዕናና ሰሙነ ሕማማት እስከ ቀዳም ሥዑር በድምሩ 8 ቀን ይሆናሉ። ሰባት፣ አርባና ስምንት ሲደመሩ 55 ናቸው። ስለዚህ አርባው በመካከል እንዳለ ነው፤ አባቶች ከፊቱ ማዘጋጃ፣ ከኋላው የሕማሙን መታሰቢያ ጨመሩበት እንጂ አልለወጡትም።

ይኸው ቍጥር በዓመቱ ውስጥ በሌሎች ስፍራዎችም ይገኛል። ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን ይከበራል። ከዚያች ዕለት ጀምረን ብንቈጥር አርባኛው ቀን የካቲት 8 ላይ ይውላል፤ ይህም ሕፃኑ ጌታ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበትና አረጋዊው ስምዖን በክንዱ የታቀፈበት በዓል ነው። መጋቢት 13 ቀን ደግሞ በስንክሳር የሰብስጥያ 40 ሰማዕታት ይታሰባሉ። እነዚህ ወታደሮች በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ክርስቶስን አንክድም በማለታቸው በበረዶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ራቍታቸውን እንዲያድሩ ተፈረደባቸው። ከመካከላቸው አንዱ ብርዱን መታገሥ ተስኖት ወጣ። ከጠባቂዎቹ አንዱ ግን አክሊል ሲወርድላቸው አይቶ አምኖ ልብሱን ጥሎ ገባና ቍጥራቸው እንደገና 40 ሆነ።

አርባ በልደትና በሞት

የአርባ ቍጥር ከመጻሕፍት ወጥቶ ወደ እያንዳንዱ ክርስቲያን ቤት የሚገባው ሕፃን ሲወለድ ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ለወላድ እናት የተወሰነው ቀን ለወንድ 7 እና 33፣ ለሴት 14 እና 66 ሲሆን ድምሩ 40ና 80 ይመጣል። መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ የበለጠ ወደ ጥንት ይወስደናል። አዳም በተፈጠረ በ40 ቀን፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ይነግረናል። መጽሐፈ ኩፋሌ ሙሉ ይዘቱን ሳያጐድል ለዓለም የቈየው በግእዝ ብቻ መሆኑም የሚታወቅ ነው። እንግዲህ በ40 ወይም በ80 ቀን ሕፃኑን ይዘን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ አዳምና ሔዋን ወደ ገነት የገቡበትን መንገድ እንደግማለን። ሆኖም ሕፃኑ ታሞ ለሞት የሚያሰጋ ቢሆን ቀኑ እስኪሞላ አይጠበቅም፤ ካህን ተጠርቶ ይጠመቃል። ሰው ለቀን አልተፈጠረም፤ ቀን ለሰው መዳን ተሰጠ እንጂ።

ሐኪሞችም የእርግዝናን ጊዜ ከመጨረሻው የወር አበባ መጀመሪያ ቀን አንሥተው ሲቈጥሩ 280 ቀን ወይም 40 ሳምንት ይሉታል። ከወሊድ በኋላ እናት በልዩ ጥንቃቄ የምትታይበትን ጊዜ ደግሞ 6 ሳምንት ማለትም 42 ቀን አድርገውታል። እናቶቻችን አራስን ከብርድና ከድካም ጠብቀው፣ ገንፎ እያበሉ የሚያቈዩበት የአራስ ቤት ወግ ከዚህ ብዙም የራቀ አለመሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

ሰው ሲሞትም እንዲሁ በአርባ ቀን ተዝካር ይወጣለታል። የአባታችን የያዕቆብ አስከሬን በግብፅ ሽቱ ሲቀባ የፈጀው 40 ቀን እንደ ነበር ኦሪት ይነግረናል (ዘፍ. 50፥3)። ከሁሉ በላይ ግን ጌታ ከተነሣ በኋላ በአርባኛው ቀን በክብር ማረጉ የሞተ ወገናችንን በተስፋ እንድናስብ ያደርገናል። የተዝካር ፍሬ ነገሩ ጸሎተ ፍትሐቱ፣ ቅዳሴውና ለድኻ የሚሰጠው ምጽዋት ነው። ይህን በግልጥ መናገር ይገባል፤ ምክንያቱም ብዙ ቤተሰብ «ሰው ምን ይለኛል» በማለት በሬ አርዶ፣ ድንኳን ጥሎ፣ ጠላና ጠጅ ጥሎ በብድር ሲያዝ፣ የሟቹ ልጆችም ከኀዘናቸው ላይ ዕዳ ሲጨመርባቸው ይታያል። ባለጠጎች ተጋብዘው ድኾች ከደጅ የሚመለሱበት ተዝካር ስሙ እንጂ ግብሩ የለም። ዐቅም የሌለው ቤተሰብ ጧፍና ዕጣን ይዞ፣ ጥቂት ዳቦ ለነዳያን አድሎ፣ በጸሎት ቢያስብ ሥርዐቱን አላጐደለም። ለሟችም የሚጠቅመው ይኸው ነው።

አርባ በዓለም ዘንድ

ይህ ቍጥር ከቤተ ክርስቲያን ውጭም የታወቀ ነው። በመካከለኛው ዘመን ወረርሽኝ አውሮፓን ሲያስጨንቅ፣ ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው የራጉሳ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1377 ከበሽታ አገር የሚመጡ እንግዶች አስቀድመው 30 ቀን ተለይተው እንዲቈዩ ደነገገች። በኋላም ቀኑ ወደ 40 ከፍ አለ። ኳራንቲን የሚለው ቃል የተገኘው ከዚሁ ከጣልያንኛው የአርባ ቍጥር መጠሪያ ነው። በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱ ሲነገር ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበረ። በዚያ ወራት ይህ ቃል በየቤቱ ሲነሣ፣ ትርጕሙ ከያዝነው ጾም ቍጥር ጋር አንድ መሆኑን ያስተዋለ ጥቂት ነው።

በሙቀት መለኪያም የሴልሺየስና የፋራናይት ቍጥሮች የሚገናኙት ከዜሮ በታች 40 ላይ ብቻ ነው። በሀገራችን በደቡብ የምትገኘው የአርባ ምንጭ ከተማም ስሟን ያገኘችው በአካባቢዋ ከሚፈልቁት ብዙ ምንጮች ነው። በዚህ ስም ውስጥ አርባ የተትረፈረፈና የተሟላ ነገር መግለጫ ሆኗል።

«የአርባ ቀን ዕድል»

በሕዝባችን ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የተለመደው አነጋገር ግን «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» የሚለው ነው። ልጅ በትምህርቱ ሲደክም፣ ትዳር ሲፈርስ፣ ሰው በመጠጥ ሲጐዳ ይህ ቃል ይነገራል። ለተጐዳው ሰው ማጽናኛ ተብሎ ቢነገርም ውስጡ ሲመረመር ተስፋን የሚቈርጥ ነው። ሰው ገና ሳይናገርና ሳይራመድ ፍጻሜው ተቈርጦለታል የሚል አሳብ ይዟልና። ልጁን የሚመክር አባትም፣ ባሏን የምትለምን ሚስትም በዚህ ቃል አፋቸው ይዘጋል።

የቅዱሳት መጻሕፍት አርባ ከዚህ ጋር አይስማማም። የኖኅ አርባ ቀን ዓለም በአዲስ የጀመረችበት ነው። የነነዌ ቀጠሮ በንስሐ ተለወጠ። ከሰብስጥያ ሰማዕታት አንዱ እስከ መጨረሻው ሰዓት ታግሦ አክሊሉን በገዛ ፈቃዱ ጣለ፤ በክፉ ሥራ ቆሞ የነበረው ጠባቂ ደግሞ በአንዲት ሌሊት ተቀበለው። ዕድላቸው አስቀድሞ የታተመ ቢሆን ኖሮ ወታደሩ ባልወጣ፣ ጠባቂውም ባልገባ ነበር። ክርስቲያን በ40 ቀን የሚቀበለው ጥምቀትን ነው፤ ይኸውም የእግዚአብሔር ልጅ የመሆን ሥልጣን እንጂ የማይለወጥ ዕጣ አይደለም።

የኋለኛው አርባ

አሁን ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስ። ከዛሬ ዕሑድ ጀምሮ ሲቈጠር አርባኛው ቀን ምንጊዜም ሐሙስ ላይ ይውላል፤ ያም በዓለ ዕርገት ነው። በ50ኛው ቀን ዕሑድ ደግሞ በዓለ ጰራቅሊጦስ ይከተላል። በእነዚህ 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ስግደትም የለም። ቤተ ክርስቲያን ይህን ያደረገችው ስለ ደስታው ነው።

ደስታው ግን ሥራ ፈትነት አይደለም። ጌታ በእነዚህ ቀናት ለሐዋርያት ስለ እግዚአብሔር መንግሥት ያስተምራቸው እንደ ነበር ቅዱስ ሉቃስ ጽፏል (ሐዋ. 1፥3)። በትውፊታችን መጽሐፈ ኪዳን የተባለው ያን ጊዜ ያስተማራቸው ነው። ጧት ጧት በቤተ ክርስቲያን የሚደርሰው ጸሎተ ኪዳንም ከዚያ የመጣ ነው። እንግዲህ ጾሙ ሲፈታ ጸሎቱም አብሮ የሚፈታ፣ በዐቢይ ጾም የታረቀ ጎረቤት በዳግማይ ትንሣኤ ተመልሶ የሚጣላ ከሆነ፣ የፊተኛው አርባ ልፋት የኋለኛውን አርባ ሳያይ ባከነ ማለት ነው።

ስለዚህ ቤተሰብ ሁሉ ከዛሬ እስከ ዕርገት ባሉት ቀናት አንዳንድ ነገር ቢይዝ ይጠቅማል። ወላጅ ለልጆቹ በየማታው ከወንጌል ጥቂት ያንብብላቸው። ሴት ወይዘሮም ሆነ አባወራ በጾሙ ወራት ከሚመጸውተው ጥቂቱን አያቋርጥ። የታረቀ ዕርቁን ይጠብቅ፤ ያልታረቀም ከዕርገት በፊት ይታረቅ። ያን ጊዜ አርባ የሚለው ቍጥር የዕጣ መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ ሰው በእግዚአብሔር ቸርነት የሚለወጥበት ዘመን ይሆንልናል።